የሙያ ምርጫው የማን ነው?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ፡፡ ስለ ፈተናው ብዙ ተብሏል፤ ትምህርት ሚኒስቴርን ያመሰገነም የረገመም አለ፡፡ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፡፡ ሪሚዲያል ያልገቡትና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅን በር የሚያንኳኩት ልጆች፣ የሚማሩትን ሙያ የሚመርጡት እንዴት ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 2 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ መምረጥ ማለት ግን የሚመርጡትን ነገር ማወቅ ነው፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በመሠረታዊ ስህተት የተሰጠ ፈቃድ ውልን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይናገራል፡፡ የብየዳ ማሽን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የ18 ዓመት ልጅ ቅጽ ላይ የሚያሰፍረው ምርጫ ታዲያ ምን ይባላል?

የእህቴ ልጅ አንደኛ ምርጫው አካውንቲንግ ነበር፡፡ ለምን ብዬ ብጠይቀው «ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው» አለኝ፡፡ እናቱም ደስ ብሏታል፤ ልጇ እጁ በግራሶ ሳይጨቀይ ወንበር ላይ ይቀመጣላታልና፡፡ ሦስተኛ ምርጫው የቧንቧ ሥራ ነበር፡፡ ይህን የጻፈው ክፍት ቦታ እንዳይቀር ብሎ ነው፡፡

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፡፡ ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፣ ንቀቱ ግን አለ፡፡ እኛ የተማርነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም፡፡ ጎበዝ ኤሌክትሪሽያን ፍለጋ ስልክ የምንደዋውል ሰዎች የራሳችንን ልጅ ለዚያ ሙያ አናስመዘግብም፡፡

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በወላጅ ላይ መደፍደፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፡፡ አካውንቲንግ ለማስተማር ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ከሞላ ጎደል ይበቃል፡፡ ብየዳ ግን ብረት ይፈጃል፣ ኤሌክትሮድ ይፈጃል፣ መብራት ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ ኮሌጆች፣ በተለይም የግሎቹ፣ የሚከፍቱት የሚረክሰውን ነው፡፡ ተማሪው የሚመርጠው ሌላው አስቀድሞ ከመረጠለት ላይ ነው ማለት ይቻላል፡፡

በዚህ መካከል ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የቤት አያያዝ ሥልጠና የሚወስዱ ሴት ልጆች አሉ፡፡ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የብቃት ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ነው የሚሠለጥኑት፡፡ ስለ ችግራቸው ብዙ የተጻፈ በመሆኑ አልደግመውም፡፡ የሚገርመኝ ግን ምን ሠልጥነው ምን ሥራ እንደሚገቡ ከአካውንቲንጉ ተማሪ ይልቅ እነሱ አስቀድመው ማወቃቸው ነው፡፡

ምን ይደረግ? ተመዝጋቢው ቅጹን ከመሙላቱ በፊት አንድ ሳምንት በየወርክሾፑ ይዙር፤ ብረቱንም ይንካ፣ ሞተሩንም ይፍታ፡፡ ከዚያ በኋላ አካውንቲንግ ቢል እንኳ ምርጫው የእርሱ ነው፡፡ ኮሌጁም ባለፈው ዓመት በየሙያው ስንት እንዳስመረቀ፣ ስንቱ የብቃት ምዘናውን እንዳለፈ፣ ስንቱ ሥራ እንደያዘ በር ላይ ይለጥፍ፡፡ ዘርፉን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የያዘው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይህን ለማስደረግ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም፡፡ አንድ ደብዳቤ በመጪው ምዝገባ ያደርሰዋል፡፡