ላም አለኝ በሰማይ!

በዲፕሎማ ደረጃ የሚያስተምር መምህር ከእኛና ከኬንያ ማን ይበዛለታል? ብዙዎቻችን ጠቅላላ ድምሩን አይተን «እኛ!» ለማለት እንቸኩላለን። የኬንያ ሕዝብ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሲቆጠር 47.6 ሚሊዮን ነበር። እኛ ከእጥፍ በላይ ነን። ታዲያ እነሱ አንድ መምህር ሲያቆሙ እኛ ሁለት ብናቆም ብልጫው ምኑ ላይ ነው? ገና መስተካከላችን አይደል! ዩኔስኮ የሚሰበስበው ቁጥርም የሙሉ ጊዜውንም የትርፍ ሰዓቱንም መምህር እኩል አንድ ብሎ ይቆጥራል። ሁለት ኮሌጅ ሲሯሯጥ የሚውል አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ወደ ወለጋ እንምጣ። ነቀምት፣ ሻምቡና ደምቢዶሎ ያሉት የመምህራን ኮሌጆች ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዲፕሎማ መምህራን ሲያስመርቁ ኖረዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ግጭቱ የአካባቢውን መንገድም ትምህርት ቤትም ሲዘጋ ከርሟል። አንድ አሠልጣኝ ሻምቡን ለቆ አዲስ አበባ ቢገባ የአገሪቱ ድምር አይጎድልም። የሻምቡ ተማሪ ግን መምህር አጣ!

ስለዚህ ቁጥሩ በየኮሌጁ ተለይቶ ይነገረን እንላለን። ዛሬ ክፍል የሚገባው መምህር ስንት ነው? አንዱ ለስንት ተማሪ ይደርሳል? ይህ ካልተነገረን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል።