ከሜዳ ውጭ ያለው መንገድ

ባለፈው ወር ስለ በርበሬ ዋጋ ጽፌ ሱቅ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ቀጥሎ ስለ ቅቤ ጻፍ» እያለኝ ነበር። የቅቤው ነገር ለሌላ ወር ይቆየኝ። በዚህ ወር የምጽፈው ቤቴ ስለገባ ጉዳይ ነው።

ሬስቶራንታችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ የልጄ ነው። ፎርሙላ ዋን ካለ ኳስ የለም። ሃያ ዓመቱ ነው፤ የትኛው መኪና በስንተኛው ዙር ጎማ እንደሚቀይር አስቀድሞ ይነግራችኋል። ለእኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ጩኸት ነው፣ ግን ደንበኛ ስለሚያጫውትልኝ አልጠላውም። ከኮሌጅ መልስ ደግሞ ያግዘኛል። ቅርብ ቅርብ ያለውን ትእዛዝ በብስክሌቱ እሱ ነው የሚያደርሰው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ትእዛዝ መጣ። ሁለት ክትፎ፣ አንድ የጾም በያይነቱ። «ቶሎ በል፣ ክትፎው ሳይቀዘቅዝ» አልኩት፤ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ሆሎዌይ ሮድ ላይ፣ ዳር ከቆመ መኪና ውስጥ አንድ ሰው ሳያይ በሩን ከፍቶበት፣ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ወድቋል።

እውነቱን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምግቡስ?» የሚል ነው።

«ተደፋ» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታው ነው ያባነነኝ። ሽርጤን እንኳን ሳልፈታ ሮጥኩ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የግራ እጁ አንጓ ተሰነጠቀ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ሄልሜቱ የት ነበር? ብስክሌቱ መሪ ላይ ተንጠልጥሎ። ፀጉሩን ያበላሽበታላ! ራጅ ስንጠብቅ ተቆጣሁ፣ ለፈለፍኩ። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባዬ፣ ላንስ ስትሮልም እኮ በብስክሌት ወድቆ ሁለቱም አንጓው ተሰብሮ ነበር። በሁለት ሳምንቱ ባህሬን ላይ ነድቶ ስድስተኛ ወጣ።»

መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ እውነቱን ነው፤ በ2023 የሆነ ነው። (ከአበበ ታሪክ በስተቀር ቀኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ግን ስትሮል ብቻ አይደለም። ፈርናንዶ አሎንሶን ያህል የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን በፌብሩዋሪ 2021 ስዊዘርላንድ፣ ሉጋኖ ውስጥ ብስክሌት ሲነዳ መኪና ገጭቶት መንጋጋው ተሰብሯል። ማርክ ዌበር በ2008 መጨረሻ አገሩ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ውስጥ ራሱ ባዘጋጀው የበጎ አድራጎት ጉዞ ላይ በብስክሌት ሲሄድ ከመኪና ጋር ተጋጭቶ እግሩ ተሰብሯል። እነዚህ እንኳን ድነው ተመልሰዋል። የሞተር ብስክሌቱ ሻምፒዮን ኒኪ ሃይደን አልተመለሰም። በሜይ 2017 ጣሊያን ሪሚኒ አጠገብ ብስክሌት ሲነዳ መኪና ገጨው፣ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ሚካኤል ሹማከርን የማያውቅ የለም፤ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ውድድር አቁሞ፣ በዲሴምበር 2013 ከልጁ ጋር በረዶ ላይ ሲንሸራተት ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ ፊት አልታየም።

እዚሁ አጠገባችን የሆነም አለ። ግርሃም ሂል የሎንዶን ልጅ ነው፣ ሃምፕስቴድ የተወለደ። በ1962 እና በ1968 ሻምፒዮን ሆነ። በ1969 አሜሪካ ውስጥ በውድድር ላይ ሁለቱም እግሮቹ ተሰብረው እንኳን ተመልሶ ነድቷል። በ1975 መንዳት በቃኝ አለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 29 ማታ ግን ትንሿን አውሮፕላኑን ራሱ እያበረረ ከፈረንሳይ ወደ ኤልስትሪ ሲመለስ፣ በጉም ውስጥ አርክሊ የጎልፍ ሜዳ ላይ ወደቀ። ከባርኔት ራቅ አይልም፤ ስንቶቻችን እኮ እዚያ አካባቢ እንኖራለን። አብረውት የነበሩት አምስቱም አልተረፉም። ማይክ ሆውቶርንም በ1958 ሻምፒዮን ሆኖ ወዲያው አቆመ፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በጃንዋሪ 1959 ጊልፎርድ አጠገብ በዝናብ በራሱ መኪና ሲሄድ ሞተ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ቆጥሬ ቆጥሬ የገባኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ሜዳው ላይ የሚጠብቃቸው መዓት ነው። ሄልሜቱ አለ፣ አንገት የሚይዘው አለ፣ ከ2018 ጀምሮ ከጭንቅላታቸው በላይ የብረት ቀስት ተደርጎላቸዋል፣ ሐኪም የያዘ መኪና ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ከኋላ ከኋላቸው ይሄዳል። ሮማን ግሮዣን በ2020 ባህሬን ላይ መኪናው ለሁለት ተቆርጦ ሲነድ ልጄ ያን ቀን ጮኾ ከወንበሩ ተነስቷል። ሰውዬው እሳት ውስጥ ሃያ ስምንት ሴኮንድ ቆይቶ በእግሩ ወጣ። ሐኪሙ እዚያው ደርሶ ነበር። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ግን እነሱም እንደኔና እንደናንተ ናቸው። ከኋላ የሚከተል ሐኪም የለም።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ ራሳችን ሰው ሄደ። ሻምበል አበበ ቢቂላ።

አባቴ የክብር ዘበኛ ሰው ባይሆንም በአበበ ጉዳይ የክብር ዘበኛ ነበር ማለት ይቻላል። በጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዕለት፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የሆነውን ደስታ በየእንቁጣጣሹ ሳይነግረን አያድርም። ቶኪዮ በ1957 ደገመው፤ ያውም የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው። ጃንሆይ ከሸለሙት ነገር አንዷ ነጭ ቮልስዋገን ነበረች።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ማታ እሷን መኪና እየነዳ ሳለ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እግሩን ቀጥ አድርጎ በሁለት ኦሎምፒክ ሮጦ ያሸነፈ ሰው፣ መኪናው ውስጥ እንደታፈነ አደረ። የተገኘው ሲነጋ ነው። ግሮዣን ሃያ ስምንት ሴኮንድ፣ አበበ ሌሊቱን ሙሉ። አባቴ ይህን ክፍል አያወራም ነበር። ሮምና ቶኪዮን ያወራና ዝም ይላል።

በሳምንቱ ወደዚህ አገር አመጡት፤ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል። ከሜሪልቦን በባቡር ብትሄዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አይልስበሪ ለሠርግ ምግብ ባደረስን ቁጥር የሆስፒታሉን ምልክት መንገድ ላይ እያየሁ አልፍ ነበር፣ አበበ እዚያ ስምንት ወር መተኛቱን ግን አላስተዋልኩም። ሲመጣ ጭንቅላቱን እንኳን ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን እንደቀሩ ቀሩ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ራሳቸው ሄደው ጠይቀውታል፤ ካርድ ደግሞ ከየዓለሙ ይጎርፍለት ነበር።

ያ ሆስፒታል ዝም ብሎ ሆስፒታል አልነበረም። ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም፣ በ1944 አከርካሪያቸው የተጎዱ ወታደሮችን ማከሚያ ክፍል ከፍቶበታል። ያኔ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው «ብዙ አይቆይም» ተብሎ የሚተው ነበር። እሱ ግን ስፖርት ያሠራቸው ጀመር። በጁላይ 29፣ 1948 የሎንዶን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ አሥራ ስድስት ቁስለኞችን ቀስት አወዳደረ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የተነሳው ከዚያ ነው። አበበም እጁ ሲጠነክር ያነሳው ያንኑ ቀስት ነው። በፈረንጆቹ 1970 በስቶክ ማንደቪል የዊልቸር ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በፈረንጆቹ 1971 ደግሞ ኖርዌይ በእንግድነት ቢጠሩት ጊዜ፣ መቼ ዝም ብሎ ሊያይ! ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ከአሥራ ስድስት ሰው ጋር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ጃቶ የተወለደ የሸዋ ልጅ፣ በበረዶ ላይ!

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። የገደለው ያው አደጋ ያመጣበት ጣጣ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ ዛሬ እሱን በዕድሜ በብዙ ዓመት እበልጠዋለሁ፤ ሳስበው ይገርመኛል።

ኬንያዊውን ኬልቪን ኪፕቱምንም አልረሳሁትም። በኤፕሪል 2023 ስንቶቻችን ባንዲራ ይዘን የራሳችንን ልጆች ልናበረታታ በወጣንበት የሎንዶን ማራቶን 2:01:25 ገብቶ አፋችንን አስያዘን፤ በዚያው ዓመት ቺካጎ ላይ 2:00:35 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በፌብሩዋሪ 2024 ማታ መኪና ሲነዳ ከአሠልጣኙ ጋር ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ።

ይህን ሁሉ አጠናቅሬ እሁድ ጠዋት ልጄን አስቀምጬ ነገርኩት። የአበበን ስነግረው ስልኩን አስቀመጠ። ጥሩ ሄደልኝ ብዬ ልጨርስ ስል ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለችና «ያንተንስ ንገረው እንጂ!» አለች።

የኔ ይኸውላችሁ። አምና አንድ ዓርብ ሥራ ዘግተን፣ ወለል አጥበን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፎ ወደ ዌምብሊ እየነዳሁ ነበር። ሄንሊስ ኮርነርን ማለፌን አስታውሳለሁ። ብሬንት ክሮስን ማለፌን አላስታውስም። የነቃሁት ጎማው ዳሩን ሲመታ በተሰማኝ ድምፅ ነው፤ ኒዝደን ደርሼ ነበር። መኪና ዳር አቁሜ እጄ እስኪረጋ ተቀመጥኩ። ለባለቤቴ ብቻ ነገርኳት፣ ለልጆቹ አልተናገርኩም። ያን ሌሊት መኪናዬ ቢገለበጥ ማን እንደሚያገኘኝ ሳስብ ነበር የቆየሁት።

ልጄ አየኝ። አልተሳደበም፣ አልሳቀም። «እና እኔ ላይ ስለ ሄልሜት ትጮኻለህ» አለኝ በቀስታ።

ልክ ነው። ተስማማን። እሱ ያለ ሄልሜት ከበሩ አይወጣም፤ እርግጥ ሕጉ ሄልሜት አያስገድድም፣ እኔ ግን አስገድዳለሁ። የፊትና የኋላ መብራት ግን በማታ ሕግም ነው፤ ለሌሎች አመላላሾቼም ገዝቼላቸዋለሁ። እኔም «ቶሎ በል» የሚለውን ቃል ተውኩት። ትእዛዝ ከተቀበልን በኋላ ለደንበኛው የምንነግረውን ሰዓት አሥር ደቂቃ ጨምረንበታል፤ ቅሬታ ያቀረበ እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ድሮም ቅሬታ አያጣም።

በመኪና የምትሄዱ ደግሞ በሩን ስትከፍቱ በሩቁ እጃችሁ ክፈቱ። ሹፌር ከሆናችሁ በግራ እጃችሁ ማለት ነው። ያኔ ሰውነታችሁ ይዞርና ከኋላ የሚመጣውን ብስክሌት ታያላችሁ። ሃይዌይ ኮድም ከ2022 ጀምሮ እንዲህ አድርጉ ይላል። ስለ ድካምም የሚለው አለው፦ በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፉ፣ እንቅልፍ ከመጣ አደጋ በሌለበት ቦታ አቁማችሁ ሁለት ስኒ ቡና ጠጡና ትንሽ አሸልቡ። አቦሉንና ቶናውን እንኳን ፈረንጅ አውቆታል! በረካውን ብቻ ነው የረሳው። እናንተ ሌሊት ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ቤታችን እስኪዘጋ ድረስ ቡናው አለ፣ ግቡና ጠጡ፤ ሒሳብ የለም።

እኔ ራሴ ዓርብና ቅዳሜ መኪናውን ቤት ትቼ እወጣለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ባቡር አለ፤ ከፊንስበሪ ፓርክ ግሪን ፓርክ፣ ከዚያ ዌምብሊ ፓርክ። መጀመሪያ ላይ አፈርኩ፤ ሰክረው ከሚጮኹ ልጆች መሐል ሽንኩርት ሽንኩርት የምሸት ሽማግሌ ተቀምጬ። አሁን ለመድኩት። የልጄ እጅ ጀሶው ወልቆለታል፤ ሐኪሙ ብስክሌቱን ለጊዜው አቆይ ስላለው ቆጣሪው ጋ ሒሳብ ይቀበላል። ባለፈው ቅዳሜ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ስታንሞር ድረስ ሄጄ ነቃሁ። ስልኬን ሳይ አራት ጊዜ ደውሏል፤ ከዚያም «አባዬ የት ደረስክ?» ብሎ ጽፎልኛል።