ቢጫው ዴይዚ ለኩሌ ደጃፍ ይሆናልን?

ከኩሌ የጻፉልን እናት፣ ልጅዎ በሥዕል አይታ የወደደችውን ቢጫ ሻስታ ዴይዚ በደጃፍዎ ለመትከል አስበው፣ ለዘሩ የሚሆን ገንዘብ ከጉሊት ሽያጭዎ ቆጥበው ምክር ጠይቀውናል። አስቀድመን የምንልዎ ገንዘቡን ገና እንዳያወጡት ነው።

ይህ አበባ ቀዝቀዝ ያለ አገር ተክል ነው። አሜሪካዊው ሉተር በርባንክ የእንግሊዝን፣ የፖርቱጋልንና የጃፓንን ዴይዚዎች ለብዙ ዓመታት ሲያዳቅል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1901 ለሽያጭ አቀረበው፤ ስሙንም በረዶ ከሚለብሰው የካሊፎርኒያ ተራራ፣ ከሻስታ ወሰደለት። የእሱ አበባ ነጭ ነበር። ቢጫዎቹ ኋላ የመጡ ናቸው። «ባናና ክሪም» የሚባለው ሲፈነዳ ፈዛዛ ቢጫ ይሆንና ውሎ ሲያድር ወደ ነጭነት ይገረጣል። ልጅዎ ያየችው ሥዕል አበባው ገና እንደፈነዳ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም!

ዘሩም አያስተማምንም። ከተዳቀለ ተክል የተለቀመ ዘር እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ቢጫነቱን ጠብቆ የሚኖረው ከነሥሩ ተከፍሎ ሲተከል ነው። ስለዚህ በወረቀት ተጠቅልሎ ለሚቀርብልዎ «የቢጫ ዴይዚ ዘር» አይቸኩሉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ቢሆን ይሞክሩት እንል ነበር። በጋምቤላ ቆላ ግን የየካቲትና የመጋቢት ሐሩር ያጠወልገዋል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ በክረምት ውኃ የሚያቁር መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል። በጀሪካን ተሸክመው ያመጡት ውኃ ለዚህ ማለቁ ያሳዝናል።

ታዲያ ደጃፍዎ ያለ ቢጫ አበባ ይቅር ማለታችን አይደለም። ባሚያ ይዝሩ። አበባው ፈዛዛ ቢጫ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ለዓይን ከዴይዚ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ቆላ ይስማማዋል፣ ለወጥም ይሆናል።

ዘሩን ሌሊቱን በውኃ ይዘፍዝፉት። አፈሩን ከፍ አድርገው ይደልድሉና በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይቅበሩ፤ በጉድጓዶቹ መካከል አንድ ክንድ ያህል ይተዉ። ሲበቅሉ ደካማውን ይንቀሉት። አትክልትና እህል ያጠቡበትን ውኃ ይስጡት፤ በረኪና የነካው ውኃ ግን አይጠጋው። በሁለት ወር ገደማ ፍሬው ለመቀጠፍ ይደርሳል። ጣት ሲያህል በየሁለት ቀኑ ይልቀሙት፤ ከዘገዩ እንደ ገመድ ጭረት ያወጣል።

አንዱ አበባ ውበቱ የአንድ ቀን ነው፤ ነገር ግን በማግስቱ ሌላው ይተካዋል። ልጅዎ አበባውን እንዳትቀጥፈው ይንገሯት፤ የሚበላው ፍሬ የሚይዘው ከእሱ ነው። ሁለት ሦስት ፍሬዎችን ደግሞ እዚያው ተክሉ ላይ እንዲደርቁ ይተዉአቸው፤ ለከርሞ ዘር አይገዙም።