ዘጠኝ እናቶች በአንድ ወር

በማናቸውም የሥራ መስክ የተሰማሩ ሰዎች የየራሳቸው ቀልድ አላቸው። ሾፌሮች በጋራዥ፣ አስተማሪዎች በማረፊያ ክፍላቸው የሚሳሳቁበት ጨዋታ ለሌላው ሲነገረው ብዙ ጊዜ አይጥመውም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ሰዎች ቀልድም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ ልጅ መውለድንና ማሳደግን የሚመለከቱት ቀልዶቻቸው ለማንኛዋም እናት የሚገቡ ስለሆኑ በዛሬው ዓምዳችን ጥቂቶቹን እንመለከታለን።

ፕሮግራመሮች ልጅ ሲወልዱ «አዲሱ ሥራችን ዘጠኝ ወር ፈጅቶ ወጣ፤ የአጠቃቀም መመሪያ ግን አብሮት አልመጣም» ይላሉ። «ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ የማስጠንቀቂያ ደወል ያሰማል፤ ምን እንደ ጎደለው ግን አይናገርም» የሚሉም አሉ። ሁለተኛ ልጅ የወለዱት ደግሞ «በዚያው ዘዴ፣ በዚያው ቤት አሳደግነው፤ ውጤቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነ» እያሉ ይገረማሉ። አንድ ፕሮግራም በዚያው መረጃ ሁለት ጊዜ ቢሠራ አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃልና ነው። አምስቱም ጣት እኩል እንዳልሆነ ለምታውቅ እናት ግን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኮምፒዩተር የታዘዘውን ይሠራል፤ ልጅ ግን የታዘዘውን ትቶ ወላጆቹ ሲሠሩ ያየውን ይሠራል።

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው «ዘጠኝ ሴቶች ተባብረው በአንድ ወር ልጅ ሊወልዱ አይችሉም» የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስታወቁት፣ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ «ኦፕሬቲንግ ሲስተም 360» የተባለውን ትልቅ ፕሮግራም ሥራ የመሩት አሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሠራተኛ ቢጨመርበት ሥራው ይበልጥ ይዘገያል። አዲሶቹን የሚያሠለጥኑት ሥራውን የያዙት ናቸውና፤ ሰው ሲበዛም መመካከሩ ይበዛል። ድግስ የደገሰች ሴት ይህን ታውቀዋለች። እንግዳ ሊገባ ሲል አምስት ሴቶች ማድ ቤት ቢገቡ ምጣዱ ያው አንድ ነው፤ ባለቤቲቱም እንጀራውን ትታ በርበሬው የት እንዳለ ስታሳይ ትውላለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ስለ እናትነት ከመቀለድ ይልቅ ኑሮውን የኖሩ ሴቶችም አሉ። በእንግሊዝ አገር ወይዘሮ ስቴፋኒ ሸርሊ እ.ኤ.አ. በ1962 በ6 ፓውንድ የፕሮግራም ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። የቀጠሯቸው በአብዛኛው ባል በማግባታቸው ወይም በመውለዳቸው ሥራ ያቆሙ ባለሙያ ሴቶችን ሲሆን፣ ሥራውም በየቤታቸው ሆነው የሚሠሩት ነበር። ደንበኛ ስልክ ሲደውል የሕፃን ልቅሶ እንዳይሰማ የታይፕራይተር ድምፅ በቴፕ ቀድተው ያሰሙ ነበር። ለደብዳቤዎቻቸው መልስ ሲያጡም «ስቲቭ» በሚል የወንድ ስም መፈረም ጀመሩ። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን አንዲት ባለሙያ ሥራ ለማግኘት ልጇንና ስሟን መደበቅ የነበረባት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

በአሜሪካ ደግሞ ወይዘሮ ማርጋሬት ሐሚልተን ወደ ጨረቃ ለሚጓዙት የአፖሎ መንኮራኩሮች የበረራ ፕሮግራም በሚዘጋጅበት ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። ማታና ቅዳሜ እሑድ ሲሠሩ ትንሿን ሴት ልጃቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ ቁልፎቹን ስትነካካ፣ ከመነሣት በፊት ብቻ የሚያገለግለውን ፕሮግራም በልምምድ በረራ መካከል አስነሥታ ሥራውን አበላሸችው። እናትየዋ ግን ልጃቸውን ከመቆጣት ይልቅ ጠፈርተኛም እንዲህ ሊሳሳት እንደሚችል ተረድተው መከላከያ እንዲጨመር ጠየቁ። «ጠፈርተኞች የሠለጠኑ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠሩም» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 በአፖሎ 8 ጉዞ ላይ ጠፈርተኛው ጂም ላቭል ያንኑ ፕሮግራም በስሕተት አስነሡ፤ የጉዞ አቅጣጫው መረጃም ጠፍቶ እንደገና መሞላት ግድ ሆነ። ልጅ እንደ ነካ የሚሰበር ዕቃ አዋቂም እጅ ሲገባ እንደሚሰበር ያወቁት እናት ነበሩ።

ወደ ዘጠኙ ሴቶች ስንመለስ፣ ቀልዱ የእውነቱን ግማሽ ብቻ እንደሚናገር እንረዳለን። እርግዝና ለሌላ ሰው አይካፈልም፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ሥራ ግን ይካፈላል። የሽንት ጨርቅ ማጠብ፣ ሌሊት የሚያለቅሰውን ሕፃን ታቅፎ ማባበል፣ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ የሚጠይቀው እጅ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ዘጠኝ ሰው ቢገኝ በእርግጥ ይቀላል። ገንፎ ይዘው አራስ የሚጠይቁ ጎረቤቶቻችን ይህን የሚያውቁት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀናት ነው። ሦስት ቀን እንግዳ ለመቀበልም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የአባት ድርሻ በፈቃድ ወረቀት ብቻ ሊወሰን አይገባውም፤ በየማታው ከሥራ ሲመለስ የሚጀምር መሆን አለበት። አራሷ የምትሻው ዕቃው የት እንዳለ እየጠየቀ የሚያደክማትን ረዳት ሳይሆን፣ ከወሊዱ በፊት የቤቱን ሥራ ለምዶ የቆየ ባል ነው። ሥራው ቀድሞ ይለመድ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።