ከስድሳ በኋላ የሚበላ ጥሪት

በኢትዮጵያ ደመወዝተኛ ዘንድ ለጡረታ ዘመን መዘጋጀት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ቤት መሥራት ነው፤ ቤት የሠራ እርጅናውን እንዳሸነፈ፣ ያልሠራ ደግሞ ነገ የልጆቹን እጅ እንደሚያይ ይገመታል። ግምቱ መሠረት የለውም ባይባልም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያደበላልቃል፤ አንደኛው ሰውየው ምን ያህል ሀብት አለው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና ለአረጋዊ ይበልጥ የሚያስጨንቀው ያ ሀብት ወር በገባ ቁጥር ስንት ብር እጅ ላይ ያደርሳል የሚለው ነው። በሚሊዮኖች በሚገመት ግቢ ውስጥ እየኖሩ የደም ግፊት መድኃኒት መግዣ የሚቸግራቸው አዛውንቶች መኖራቸው ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠ ጥሩ መልስ ለሁለተኛው መልስ እንደማይሆን ያሳያል።

የደመወዝተኛው ቀዳሚ ጥሪት ራሱ መርጦ ያላስቀመጠው፣ በሕግ ተቆርጦ የሚገባው የጡረታ መዋጮ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች በስፋት የተካተቱት ግን በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው፤ ይህም በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። መዋጮው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ የደመወዙ 18 በመቶ ነው። አበሉ የሚታሰበው ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተነሥቶ ነው፤ 10 ዓመት ላገለገለ የአማካዩ 30 በመቶ ይሰጥና ከዚያ በላይ ለተጨመረ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየታከለ እስከ 70 በመቶ ጣሪያ ይደርሳል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው በዚህ ቀመር 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። አገልግሎታቸው 10 ዓመት ያልሞላ ተሰናባቾች ወርሃዊ አበል ሳይሆን ዳረጎት የሚባለውን የአንድ ጊዜ ክፍያ ይወስዳሉ።

በዚህ ቀመር ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ሳያስተውለው የሚያልፈው «ደመወዝ» የተባለው መሠረታዊው ደመወዝ ብቻ መሆኑ ነው፤ የትራንስፖርት፣ የቤትና የኃላፊነት አበል በስሌቱ አይገባም። በወር 35 ሺህ ብር እጁ የሚገባ፣ ከዚህም ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ 20 ሺህ ብር የሆነ ሠራተኛ 30 ዓመት አገልግሎ ቢወጣ የጡረታ አበሉ 11 ሺህ ብር ይሆናል። በወረቀት ላይ 55 በመቶ የተባለው ሰውየው ቤቱን ሲያስተዳድርበት ከኖረው ገቢ አንጻር ሲታይ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። አሠሪው ግብርንና መዋጮን ለመቀነስ ሲል ጭማሪውን በአበል መልክ ሲሰጥ ሠራተኛውም በወሩ መጨረሻ የሚቀረው ብር ስለሚበዛለት ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ሂሳቡ የሚወራረደው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ስለሆነም ዕድሜው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ሲደራደር ጭማሪው በየትኛው መስመር ላይ እንደሚጻፍ መጠየቁ ከማንኛውም የኢንቨስትመንት ምክር የማያንስ ዋጋ አለው።

ከመዋጮው እኩል ትኩረት የሚሻው ፋይሉ ነው። ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው በመሆኑ፣ በኋላ የሚቀርብ የልደት ማስረጃ ያንን ለመለወጥ እምብዛም አይረዳም። የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ተጽፎ በሌላው መቅረቱ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ግል ድርጅት ሲዛወሩ የቀድሞው የአገልግሎት ማስረጃ ተከትሎ አለመምጣቱ፣ አሠሪው ከደመወዝ የቆረጠውን መዋጮ በወቅቱ ገቢ አለማድረጉ፣ እነዚህ ሁሉ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ በአንድ ቀን ምልልስ የሚስተካከሉ ሲሆኑ በስድሳ ዓመት ግን ለወራት ደጅ ያስጠናሉ።

አበሉ ሙሉ በሙሉ ቢከበርም ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚታወቅ ተጨማሪ ቁጠባ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የሚመጣው እንቅፋት የዋጋ ንረት ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲደረግ፣ ከ2013 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት የዋጋ ንረቱ በአብዛኛው ከ20 በመቶ በላይ ነበር። የልዩነቱን ክብደት ለመረዳት 100 ሺህ ብር በ7 በመቶ ወለድ፣ ወለዱም በየዓመቱ ወለድ እየወለደ፣ ለአሥር ዓመት ቢቀመጥ ወደ 197 ሺህ ብር እንደሚደርስ ማስላት ይቻላል፤ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ ቢሄድ ግን በመጀመሪያው ዓመት በ100 ሺህ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ በአሥረኛው ዓመት 619 ሺህ ብር ገደማ ይጠይቃል። ቆጣቢው ብሩ በእጥፍ አድጎለት የመግዛት አቅሙ ከሦስት እጁ ሁለቱን አጥቷል። ይህ ማለት የባንክ ደብተር ይዘጋ ማለት አይደለም፤ ለድንገተኛ ሕመምና ለሥራ ማጣት የሚሆን የጥቂት ወራት ወጪ በማንኛውም ሰዓት የሚወጣበት ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር የሚደርሰውም በተቀማጭ ገንዘብ መድን የተሸፈነ ነው። ለሃያ ዓመት የታሰበ ገንዘብ ግን ቦታው እዚያ አይደለም።

ዕቁብም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ወለድ የሌለው ብድር እንዳገኘ ሲቆጠር መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ወለድ የሌለው አበዳሪ ይሆናል፤ ዋጋ በሚንርበት ዓመት ኪሳራው በእርሱ ላይ ይወድቃል። የዕቁብ ጥቅሙ ሰውን በግዴታ ማስቆጠቡ ሲሆን፣ የተሰበሰበው ብር ወዲያው ወደ ሌላ ጥሪት ካልተሸጋገረ ግዴታው ብቻውን ብዙ አይራመድም።

ቤትን በተመለከተ የኪራይ ገቢ ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ ስለሚያድግ አስተማማኝ ነው የሚለው አስተሳሰብ በከተማ ሰው ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ይሁንና በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ በኪራይ ይተዳደሩ የነበሩ ብዙ አረጋውያን ገቢያቸውን በአንድ ጊዜ ማጣታቸው፣ አንድ ዓይነት ሀብት ብቻ መያዝ ምን እንደሚያስከትል የታየበት የአገሪቱ ታሪክ ነው። ዛሬ ውርስ ባይኖርም አከራይ ኪራይን እንደ ፈለገ መጨመር አይችልም፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪው በየዓመቱ በሚወሰነው ልክ ብቻ እንዲደረግ አዟል። ጣሪያ የሚያፈስበት፣ ተከራይ የሚለቅበት ወርም አለ። የራስ መኖሪያ መያዝ የኪራይ ወጪን ስለሚያስቀር ከሁሉም ይቀድማል፤ ሁለተኛውን ቤት ግን እንደ ብቸኛ መፍትሔ ማየት ትክክል አይመስልም።

በአክሲዮን በኩል ለረጅም ጊዜ ችግሩ መግዛት ሳይሆን መሸጥ ነበር። አክሲዮን ማለት በአንድ ኩባንያ ላይ ያለ የባለቤትነት ድርሻ ሲሆን፣ ባለቤቱ ገቢ የሚያገኘው ጠቅላላ ጉባኤው የትርፍ ድርሻ እንዲከፈል ሲወስን ነው፤ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ለማድረስ በተገደዱባቸው ዓመታት የትርፍ ድርሻው በእጅ ከመሰጠት ይልቅ ካፒታል ማሳደጊያ ሲሆን ታይቷል። ይህ ለሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ መልካም ነገር ነው፣ ሀብቱ ስለሚያድግለት፤ በዚያ ገንዘብ ሊበላ ላሰበ ጡረተኛ ግን የተቋረጠ ደመወዝ ነው። ገንዘብ ሲያስፈልግ ድርሻን ለመሸጥ ገዢ የሚፈለገው በሰው በሰው ነበር፣ ዋጋውም እንደ ሻጩ ችግር ይወርዳል። በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ ወጋገን ባንክንም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ባንክ ያደረገው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያቃልል የሚገባው ይህንን ነው፤ በንጉሡ ዘመን ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታልና። ሆኖም ገበያ መከፈቱና በገበያው ውስጥ በየቀኑ ገዢ መኖሩ አንድ ስላልሆነ፣ ለጡረታ የቀረበ ሰው አብዛኛውን ጥሪቱን እዚያ ማስገባቱ ለጊዜው አይመከርም።

ለወጣት ደመወዝተኛ ግን ሁኔታው ይለያል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፣ ግዢውም በቴሌብር የሚፈጸም ነበር። ድርሻው ያተርፋል አያተርፍም የሚለው ለብቻው የሚታይ ሆኖ፣ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ በጥቂት ወራት ቁጠባ የትልቅ ድርጅት ባለድርሻ የሚሆንበት መንገድ መከፈቱ አዲስ ነገር ነው። ሃያ አምስት ዓመት ከፊቱ ያለው ሰው የዋጋ መውረድን ጠብቆ ማሳለፍ ስለሚችል ከቁጠባው ከፍ ያለውን እጅ ለዕድገት ሊያውል ይችላል፤ ዕድሜው ሃምሳ አምስት ሲሞላ ያንኑ ቀስ በቀስ ወደ ኪራይ፣ ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ ወይም በጊዜ ገደብ ወደሚቀመጥ ተቀማጭ፣ በአጭሩ ቀኑን ጠብቆ ወደሚከፍል ነገር ማዞር ይኖርበታል።

በስሌቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የትዳር ጓደኛ ነው። ጡረተኛው ሲሞት ለሚስት ወይም ለባል የሚተላለፈው የአበሉ 50 በመቶ ሲሆን፣ የቤቱ ወጪ ግን በግማሽ አይቀንስም፤ ዘመድ የሚያርፍበት፣ ዕድር የሚከፈልበት፣ መብራትና ውሃ የሚቆጥርበት ያው ቤት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ጥሪታቸውን ሲያሰሉ መነሻ የሚያደርጉት ሁለቱም በሕይወት ያሉበትን ወር ሳይሆን አንዳቸው ብቻቸውን የሚቀሩበትን ወር ቢሆን ይሻላል። ያ ግማሽ አበል እንኳ የሚገኘው ጋብቻው በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው፤ በሽማግሌ ፊት ተጋብተው ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ብዙ ጥንዶች የጋብቻ የምስክር ወረቀት ስለሌላቸው፣ ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ባለቤቲቱ ምስክር እየቆጠረች ፍርድ ቤት ለመመላለስ ትገደዳለች፤ ወረቀቱን ግን ሁለቱም ባሉበት በወረዳው ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ ማውጣት ይቻል ነበር።