የሂት ፓምፕ ጋዝ አያልቅም

በቨርጂኒያ የምንኖርበት ቤት ሂት ፓምፕ ሃያ ዓመት ሊደፍን ነው። በሁለት ተከታታይ የብርድ ወቅቶች ሙቀቱ ሲደክም የተጠራው ባለሙያ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሞላ፤ ዳጎስ ያለ ክፍያም ተቀበለ። እኔም አመስግኜ ሸኘሁት!

ጋዙ ግን እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ እየተዘዋወረ፣ ከቀዝቃዛውም የውጭ አየር ሳይቀር ሙቀት ተሸክሞ ወደ ቤት የሚያስገባ ነው። ከጎደለ፣ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በተሸነቆረ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ ኪሳራው ይብሳል፤ ብዙዎቹ የሚሠሩበትን አር-22 የተባለውን ጋዝ ማምረትም ሆነ ማስገባት አሜሪካ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። የሚሸጠው የቀድሞ ክምችት፣ አለዚያም ከአሮጌ ማሽኖች ወጥቶ የተጣራ ነው።

ፊልተሩ በአቧራ መደፈኑን፣ የውጭውን ክፍል ቅጠል መክበቡን ማየት የማንኛችንም ሥራ ነው። ስስ አመዳይና አልፎ አልፎ የሚታይ እንፋሎት አያስደነግጥም፤ ማሽኑ አመዳዩን ራሱ እያቀለጠ ነው። የማይለቅ ወፍራም በረዶ ግን ብልሽት ነው። «ጋዝ ጎድሏል» ለሚለን ባለሙያ መልሳችን «የሚያፈሰው የት ላይ ነው?» ይሁን።

እኔ በሦስተኛው ዓመት ጠየቅሁ። ቀዳዳው ከቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ ተገኘ፤ የብየዳው ዋጋ ካንዱ ሙሌት ያነሰ ነበር።