ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ምን ይጠበስ?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቻናል ላይ «ቅዳሜ ማታ የጉድጓድ መቆፈሪያ ጌም ስጫወት አመሸሁ» ብዬ አንድ መስመር ጣል ማድረጌ ያስነሳውን አቧራ አይታችኋል። «ሀገር እንዲህ ሆና አንተ ጌም ትጫወታለህ?» ያለኝ አለ። «ሠላሳን የተሻገረ ሰው፣ ያውም ጋዜጠኛ!» ያለችም አለች። እሺ፣ ዛሬ መልሴን ልስጥ።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንወቅ። ጌሙ «ኤ ጌም አባውት ዲጊንግ ኤ ሆል» ይባላል፤ ስሙ ራሱ «ስለ ጉድጓድ መቆፈር የሆነ ጌም» ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ የወጣ፣ ዋጋው 5 ዶላር አካባቢ የሆነ ትንሽ ሥራ ነው። (ዶላሩን ከየት አመጣህ ለምትሉ፣ ውጭ ያለ ወንድሜ ነው የገዛልኝ።) አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ ሀብት ተቀብሯል የተባለለትን ቤት በርካሽ ይገዛና አካፋ ይዞ መቆፈር ይጀምራል። ያገኘውን ማዕድን ወጥቶ ይሸጣል። በሽያጩ የተሻለ አካፋ፣ ሰፋ ያለ ቦርሳ፣ የሚቆይ ባትሪ ይገዛና ተመልሶ ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሲጀመር ሰው ደረጃ እየሠራ፣ ግድግዳውን እያስተካከለ ይቆፍራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደ አይጥ ነው። ወርቅ ያየበት ሁሉ ይገባል። ከዚያ ቀና ሲል ሰማዩ የሳንቲም ያህል ሆኖ ይታየዋል፣ ቦርሳው ሞልቷል፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ልውጣ ወይስ አንዲት ድንጋይ ልጨምር? የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ስሜት ለማወቅ ጌም አያስፈልገውም፤ ስልኩ 4 በመቶ ላይ እያለ መብራት የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ልደታ ነው የምኖረው። ለባቡሩ ተቆፈረ፣ ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለውሃ፣ ለኬብል፣ ለኮሪደር ሲቆፈር አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ጉድጓድ አንዱን እንኳ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም በእጄ ይዤ አላውቅም። የቅዳሜውን ግን ራሴ ጀምሬ ራሴ ጨረስኩት። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ጌሙ «አበቃ፣ ሂድ ተኛ» አለኝ፣ እኔም ተኛሁ።

ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የወቀሱኝ ሰዎች በእጃቸው የያዙት ነገር የማያልቅ ነው። ቲክቶክ ማለቂያ የለውም። ስልክ ላይ በነጻ የሚወርደው ጌምም እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ካለቀ ማን ይከፍለዋል? ቤቲንግ ደግሞ የባሰው ነው፤ የዛሬው ትኬት ሲቃጠል የነገው ይቆረጣል። ይሄን ሁሉ ማንም «በዚህ ዘመን?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። አንዴ ተከፍሎበት የሚያልቅ፣ ሌላ ምንም የማይጠይቅ ጨዋታ ሲሆን ግን ሀገር ትዝ ይለናል።

ቆም ያደረገኝ አንድ አስተያየት ብቻ ነው። ከደቡብ ወሎ የሆነ ተከታታይ በውስጥ መስመር «በእኛ በኩል ጉድጓድ ጨዋታ አይደለም ወንድሜ» ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነው። ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ በፈረንጆቹ 2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወጣቱ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ በእጁ ይቆፍራል። ኦፓሉ ያለበት ንጣፍ ስስ ነው፤ እሱን ተከትሎ ወደ ተራራው ሆድ መግባት ግድ ይላል፣ አፈሩም ይናዳል። ሰው ይሞታል። የእኔ ጌም ይሄን ይዋሻል። ጉድጓዱ ተንዶ አያውቅም፣ ገዢውም ዋጋ አይቆርጥም። ሦስት ወርቅ ስሸጥ ሦስቱም እኩል ተከፈለኝ። ደላላ የለም።

ይሄን ለወንድሜ አምኜለታለሁ። ግን ጌም መጫወት ነውር ነው ወደሚለው አያደርሰኝም። ይልቅ የእኛ ልጆች ለምን አልሠሩትም እላለሁ። ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 «ኩኩሉ»ን አውጥቷል፤ ላለመያዝ የምትሮጥ ዶሮ ናት፣ ያየ ሀበሻ ሁሉ ማምለጥ ያለባት ከምን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። እንግዲህ ዶሮዋን የሠራ ሀገር ደላንታን ይሥራ። ጣራው እንዳይናድ እንጨት መግዛት ያለብህ፣ እንጨቱን ከገዛህ እራትህን የምታጣበት፣ ከጉድጓድ ስትወጣ ደላላው የፈለገውን ዋጋ የሚጠራበት የሁለት ሰዓት ጌም። ስለ ማዕድን ዘርፍ ከተደረገ የትኛውም የፓናል ውይይት በላይ የሚያስረዳ ይመስለኛል፤ አዳራሽና የሻይ እረፍትም አይፈልግም።

«ጊዜህን ታባክናለህ» ላልከኝ ወዳጄ፣ ጉድጓዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ወስዶብኛል። ሐሙስ ማታ የመራኸውን የላይቭ ክርክር ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከታትዬ፣ ምን ላይ እንደደረሳችሁ አሁንም አልገባኝም።